ይድረስ «ሙሉ በሙሉ ተወግጃለሁ» ላለው ጸረ ቫይረስ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን እንዴት ትናፍቀኛለህ? መች ሄድክና!

ስንለያይ የሆነውን አልረሳሁትም። ሳልጋብዝህ ከላፕቶፑ ጋር የመጣህ የ30 ቀን እንግዳ ነበርክ። ቀንህ ሲያልቅ በየሰዓቱ ከታች ጥግ ብቅ እያልክ «ክፈል» ማለት ጀመርክ። አንኢንስቶል ላደርግህ ስነሳ እንባ እንባ አለህ። «እርግጠኛ ነህ?» አልክ። አዎ። «ምን አጠፋሁ?» ብለህ መጠይቅ ዘረጋህ። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። «በግማሽ ዋጋስ?» አልክ። በስንት ልመና ለቀቅከኝ። አረንጓዴው መስመር ሞላ፣ «ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ሪስታርት አደረግኩ። ተገላገልኩ ብዬ ቡና አስፈላሁ።

ይኸው ስምንት ወሩ። ፋይል ላይ በቀኝ ክሊክ ባደረግኩ ቁጥር ሜኑው ውስጥ ስምህ አለ። አርማህ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኗል፤ ስምህ ግን አለ። ብነካው ምንም አይመጣም። ይህን ችዬህ ነበር።

ያልቻልኩት የባለፈውን ቅዳሜ ነው። ሌላ ጸረ ቫይረስ ልጭን አልኩ። አዲሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቱ ውስጥ ሌላ አለ፤ መጀመሪያ እሱን አስወጣ» አለኝ። ኮንትሮል ፓነል ገብቼ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየሁ። የለህም። ተመልሼ ሞከርኩ። አለ ይላል። አንዱ አለ፣ አንዱ የለም፤ እኔ መሀል ላይ ሽማግሌ ሆኜ ቁጭ።

ኮምፒውተር ቤት ላለው ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ፤ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ማለቱ ነው። ለዚህ ልጅ የማንኛውም በሽታ መድኃኒት ፎርማት ነው። ለአንድ ትኋን ብዬ ቤቴን አላቃጥልም አልኩና ራሴ ሬጅስትሪ ገባሁ።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለሌላውም አንባቢ ላስረዳ። ሬጅስትሪ የዊንዶውስ መዝገብ ቤት ነው። በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ማስታወሻውን አይኤንአይ በሚባል ፋይል ለየብቻ ይይዝ ነበር። መዝገብ ቤቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 3.1 ጋር በትንሹ ተጀመረ፤ በዊንዶውስ 95 ደግሞ አብዛኛው ወደዚያ ተጠቃለለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ስትወጣ ስምህን የምትሰርዘው አንተው ራስህ መሆንህ ነው። የማራገፊያህን ትእዛዝ የጻፉት የሠሩህ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ አጥፋ ያላሉት ሁሉ ባለበት ይቀራል። በር ላይ ቆሞ «ቁልፉን መልስ» የሚል ዘበኛ የለም።

ዊንዶውስንና አርን አንድ ላይ ተጭኜ «ሬጅኤዲት» ብዬ ጻፍኩ። ስምህን ፈልግ አልኩ። ከዚያ «ቀጣዩን አሳየኝ» የሚለውን ኤፍ3። ኤፍ3። ደግሞ ኤፍ3። የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቅሃል! የኮምፒውተሩ የጋራ መዝገብ በሆነው በሎካል ማሽን ሥር አለህ። የእኔ የግል መዝገብ በሆነው በከረንት ዩዘር ሥር አለህ። 32 ቢት ለሆኑ ፕሮግራሞች በተለየው ጓዳ ውስጥ አለህ። ሰርቪስ በሚለው ውስጥ ደግሞ ድራይቨርህ፣ ማለትም ከዊንዶውስ ጋር በቅርብ የሚሠራው ሾፌርህ፣ ተቀምጧል። «ስታርት» ከሚለው ጎን 1 የሚል ቁጥር አለ፤ ዊንዶውስ ገና ሲነሳ አብሬ እነሳለሁ ማለት ነው። መኪናው ከሄደ ስምንት ወሩ፣ ሾፌሩ በየጠዋቱ ሥራ ይገባል።

ዴሊት አልኩ። «ማጥፋት አልተቻለም» አለኝ። ፈቃድ የለኝም። በገዛ ላፕቶፔ!

እዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሬጅስትሪ ውስጥ የተሳሳተን የሚመልስ ኮንትሮል ዜድ የለም። የጠፋ ጠፋ። ስለዚህ የምነካውን ሁሉ አስቀድሜ ኤክስፖርት አደርጋለሁ፤ ቅጂውን አስቀምጣለሁ። ደግሞ የዘመዶችህን ታሪክ አውቃለሁ። ድሮ የሲዲ ማቃጠያ ፕሮግራም ሲወገድ «አፐርፊልተርስ» እና «ሎወርፊልተርስ» የሚባሉ ቅሪቶች መዝገቡ ውስጥ ይተው ነበር። ሰውየው ፕሮግራሙን አጥፍቶ ሲመለስ ሲዲ ድራይቩ ራሱ ከኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ድራይቩ ደህና ነው። ዊንዶውስ ግን የሌለ ፋይል እየጠበቀ አልከፍትም ይላል። በዚያ ሰሞን ስንት ሰው አዲስ ድራይቭ ገዝቶ ይሆን!

«የሬጅስትሪ ማጽጃ ጫን» ያለኝም ነበር። አልጫንኩም። ማይክሮሶፍት ራሱ እነዚህን ማጽጃዎች አልደግፍም ይላል። ሐቁን ልንገርህ፤ አብዛኛው ትራፊህ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ ማንንም አያዘገይም። ያዘገያል የሚሉት ማጽጃውን የሚሸጡት ናቸው። የቀኝ ክሊኩ ስም፣ ድራይቨሩና በር ላይ ከአዲሱ ጋር የሚያጣላው ባይኖር እስከ ዕለተ ሞቴ አብረን በኖርን።

አሁን ወደ እውነተኛው ቅሬታዬ። የሠሩህ ሰዎች ድረ ገጽ ላይ፣ እርዳታ ከሚለው ገጽ ሥር፣ ብዙ ወርጄ አንድ ትንሽ ፋይል አገኘሁ። ሥራው አንድ ነው፤ ካስወገዱህ በኋላ የቀረኸውን አንተን ማስወገድ። በሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ሲነሳ፣ ይከፈት ይላል። ገባህ? ያውቁ ነበር! «ሙሉ በሙሉ» ሲሉኝ ሙሉ በሙሉውን ለብቻው ጓዳ ደብቀውት ነበር።

አወረድኩት። በሴፍ ሞድ ገባሁ፤ ስክሪኑ ጠቁሮ፣ ፊደሉ ገዝፎ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ሜኑው ጸዳ፣ ሾፌሩ ተሰናበተ፣ አዲሱም ሳያንገራግር ገባ።

ለስንብት አንድ ጊዜ ብቻ ኤፍ3 ተጫንኩ። መዝገቡ ውስጥ አንድ ቁልፍ (የማስታወሻ ሳጥን) ቀርታለች። ውስጧ ያለው የሙከራ ጊዜህን የጀመርኩበት ቀን ነው። ዳግመኛ በነጻ እንዳልሞክርህ ነዋ! ሁሉን ነገር ስትረሳ ይህችን አልረሳህም። አልነካኋትም። እኔም ማስታወሻ ትሁነኝ ብያለሁ።

አዲሱ ሰላም ይልሃል። ከታች ጥግ ብቅ ብሎ 29 ቀን ቀርቶታል እያለኝ ነው።

የቀድሞ አከራይህ