ለመጪው ትውልድ የሚኖሩ ሰዎች

ለመጪው ትውልድ የሚኖር ሰው ጠፋ የሚል እሮሮ በየጊዜው እሰማለሁ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ኮምፒውተሩን በገዛ እጁ ለመገጣጠም ዕቃ የሚመርጥ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም ማለት ነው። እኔ አንድ አለኝ፤ ወዳጄ ነው። ላለፉት ሰባት ዓመታት ሌት ተቀን የሚያስበው ስለ መጪው ትውልድ ብቻ ነው፦ ስለ መጪው የፕሮሰሰር ትውልድ፣ ስለ መጪው የግራፊክስ ካርድ ትውልድ፣ ስለ መጪው የራም (የማህደረ ትውስታ) ትውልድ። የዛሬው ትውልድ እንደሆነ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ያረጅበታል።

እኛ ተራ ሰዎች ኮምፒውተር የምንገዛው ሥራ ስላለን ነው። ታጋሹ ገዢ ግን ከዚህ ዓይነቱ ሥጋዊ ፍላጎት ነፃ ነው። የወዳጄ አሮጌ ኮምፒውተር ሲከፈት እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ አንድ አጭር ቪዲዮ አቀናብሮ እስኪጨርስ ድረስ ሰው ተኝቶ ሊነሣ ይችላል። እሱ ግን አይተኛም። ያን ጊዜ ገና ስላልወጡ ዕቃዎች በማንበብ ያሳልፈዋል፤ በስልኩ።

የእምነቱ መሠረት ጽኑ ነው። በኋላ ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ክፍሎች ብዛት በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እንደሚሄድ ጻፈ፤ በ1975 ደግሞ አርሞ በየሁለት ዓመቱ አደረገው። ሙር የኢንዱስትሪውን አካሄድ መተንበዩ ነበር። ወዳጄ ግን ለገዢ የወረደ ትእዛዝ አድርጎ ተቀበለው፦ ነገ የተሻለ ይመጣልና ዛሬ አትግዛ። ስሌቱን ደጋግሜ መርምሬ ስሕተት አላገኘሁበትም። በዚህ ስሌት ኮምፒውተር ለመግዛት ከሁሉ የሚሻለው ቀን የዓለም ፍጻሜ ዋዜማ ነው፤ ያን ዕለትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ቅናሽ ሊኖር ስለሚችል ጠዋት መጣደፍ አያስፈልግም።

የሠንጠረዡን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስድስት ዓምድ አለው፦ የወጣበት ቀን፣ የወጣበት ዋጋ፣ የዛሬው ዋጋ፣ እስካሁን የታየው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ስለሚተካው ዕቃ የተወራው ወሬ፣ በመጨረሻም ወሬው ከመቶ ስንት እንደሚታመን። አረንጓዴ ቀለም ማለት ሊገዛ ይችላል፣ ቢጫ ይቆይ፣ ቀይ እንዳትነካው ማለት ነው። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ሳይ ረድፎቹ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነዋል። እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ስከፍት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ ነገር ጤነኛ አይደለም» አለ። «ሁሉም በአንድ ጊዜ ከረከሰ አንድ ነገር ሊመጣ ነው።»

ወዲያውኑ ተቀምጦ ሰባተኛ ዓምድ ጨመረ።

ጨርሶ አይገዛም ማለት ግን ሐሜት ነው። ዕቃዎቹ የሚገጠሙበትን ሣጥን፣ ኬዙን፣ በ2019 ገዝቶታል። ከጠረጴዛው ሥር ቆሟል፤ አንዱ ጎኑ መስታወት ነው፤ ድመቱ በኋላው በኩል ገብታ ትተኛና እንግዳ ሲመጣ በመስታወቱ ትመለከተዋለች። ለሌሎቹ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ በ2020 ተከተለ። የአሥር ዓመት ዋስትና አለው። ዋስትና የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነውና ዕቃው ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አንድ ቀን ሳይቀምስ የዕድሜውን እኩሌታ በክብር ጨርሷል። ደህና ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለው ዕቃ የሚፈተነው ከሌሎቹ ጋር ተገጥሞ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ገና አልተወለዱም። በ2021 ጥንድ ራም በቅናሽ አግኝቶ ደስታውን አካፍሎኝ ነበር። ራሙ ዲዲአር4 የሚባለው፣ አራተኛው ትውልድ ነው። በኋላ የመረጠው ኤኤም5 የተባለው የኤኤምዲ ኩባንያ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ግን ከአምስተኛው ትውልድ፣ ከዲዲአር5 በቀር አይቀበልም፤ ቀዳዳው ራሱ አይገጥምም። ምስጋና ይግባውና ራሙ ዛሬም እንደ ታሸገ ነው።

ትዕግስቱ ክፉኛ የተፈተነው በሴፕቴምበር 2020፣ አርቲኤክስ 3080 የተባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ሲወጣ ነበር። ካርዱ በወጣበት ዕለት በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ወዳጄ ፈገግ አለና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ፤ ግርግሩ ሲበርድ በደንበኛው ዋጋ ሊገዛ ነው። ግርግሩ ሳይበርድ ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ስሌት የሚቆፍሩ ሰዎች ካርዱን በደርዘን ያግዙት ጀመር። እኔ፣ ሞኙ፣ በ2021 የነበረኝ ካርድ ተቃጥሎብኝ ሥራ ስለ ቆመ ከተባለለት ዋጋ እጥፍ ከፍዬ ከዚያው ከ3000 ተርታ አንድ ካርድ ገዛሁ። ወዳጄ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው አጽናናኝ። ደረሰኜን ለማስተማሪያ እንዲሆነው ፎቶ አንሥቶታል።

ቀኑም ደረሰ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ኢተሪየም አሠራሩን ቀየረና የግራፊክስ ካርድ የማይፈልግ ሆነ። ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ዋጋ ተንሸራተተ። ደውዬ ነገርኩት። ገና ይወርዳል አለኝ። ደግሞም በዚያው ወር ኤኤም5 መውጣቱ ነበር፤ ዕቃው ሁሉ የሚሰካባቸው ማዘርቦርዶቹ ውድ ናቸው፣ ትንሽ ይብሰሉ።

በ2023 ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የወዳጄ ጥበብ ከጫፍ የደረሰበት ዓመት ነውና። ያን ዓመት የራምና የኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻው) ዋጋ ወድቆ ተንኮታኮተ። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን በማህደረ ትውስታ ሥራቸው ከሰሩ፤ ምርታቸውንም ቀነሱ። ዜናውን ያነበበልኝ ራሱ ነው። እኔም በተራ ሰው አእምሮዬ፣ ምርት ከቀነሰ ዋጋ መውጣቱ አይቀርምና ይኸው ጊዜው አልኩት። በሐዘኔታ አየኝ።

«አምራቾቹ እኮ እያለቀሱ ነው» አለ። «የሚያለቅስ ሻጭ ገና ይቀንሳል።»

በ2024 ግን ድል አደረገ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ካለ አግባብ በሚበዛ ቮልቴጅ እየተጎዱ እንደሚንገዳገዱ ታወቀ፤ ኩባንያው ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ፣ ዋስትናውንም አራዘመ። ወዳጄ ሲጀመር ኢንቴል የመግዛት ሐሳብ አልነበረውም። ቢሆንም ከመርከብ አደጋ እንደ ተረፈ ሰው ለሳምንት ያህል እየዞረ ተረከው።

ጥበቡን ለራሱ ብቻ አይደብቅም። አንዲት የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራዋ የሚሆን ማሽን ልትገጣጥም ፈልጋ ምክር ጠየቀችው። ሁለት ወር ጠብቂ፣ አዲስ ካርድ ሊወጣ ነው አላት። ካርዱ ወጣ። አምራቾች መጀመሪያ የሚያወጡት ውዱን ነው፣ መካከለኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ይከተላል፣ እሱን ጠብቂ አላት፤ ይህ እውነት ነው፣ ልማዳቸው ነው። መካከለኛው ወጣ። አሁን ደግሞ ዋጋው እስኪረጋጋ። ልጅቷ ንድፏን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሌሊት ሌሊት እየሠራች ተመረቀች፤ ሥራ ያዘች፤ መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ሰጣት። ወዳጄ ይህን ከታላላቅ ስኬቶቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፦ አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ ባለ ኮምፒውተር ሆነች።

የጠባቂዎችን ኃይል የሚንቅ ሰው ካለ የኦስቦርንን ታሪክ ያስታውስ። ይህ ኩባንያ በ1981 ተንጠልጥሎ የሚሄድ ኮምፒውተር አውጥቶ ገበያው ደርቶለት ነበር፤ በ1983 ከሰረ። እንደሚተረከው ከሆነ የሚቀጥለውን ሞዴል ቀድሞ በማውራቱ ደንበኛው ሁሉ ያለውን ትቶ የሚመጣውን ሊጠብቅ ተቀመጠ። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት የሚጠቅሱ አሉ። ወዳጄ ግን ትረካውን እንዳለ ይቀበለዋል፤ አንድ ኩባንያ ባለመግዛት ብቻ ሲፈርስ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

የዓለም ጂኦግራፊንም ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አላገኘሁም። በ2011 ታይላንድ በጎርፍ ስትመታ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ውሃ ገብቶባቸው ዋጋ መናሩን፣ በ1999 የታይዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ራም ማስወደዱን እንደ ቤተሰቡ ታሪክ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ አደጋ የተማረው ነገር ቢኖር አደጋው ካለፈ በኋላ ዋጋ እንደሚወርድ ነው። አደጋው ከመምጣቱ በፊትም ዋጋው ዝቅ ብሎ እንደነበር አንድ ጊዜ ባነሣበት ወሬ ቀየረ።

በ2025 መጨረሻ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት የማህደረ ትውስታውን ምርት ጠራርገው ወሰዱት፤ የራም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍም ከዚያም በላይ ሆነ። ማይክሮን በዲሴምበር ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ሸማች ሲሸጥ የኖረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ወዳጄ ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ ፊቱ በርቶ ነበር።

«አሁን መግዛት ዕብደት ነው» አለኝ።

በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር። ለዚህች ቀን ነበር ሲዘጋጅ የኖረው።

ያ የታሸገ ዲዲአር4 ራምስ? አምራቾች ፊታቸውን ወደ አዲሱ ስላዞሩ የእሱም ዋጋ ወጥቷል። ከገዛበት በላይ ሊሸጠው ይችላል፤ ሰውም ጠይቆታል። ገና ይጨምራል ብሎ እየጠበቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት አሮጌው ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልከፈት አለ። ሠንጠረዡን በያዘች ትንሽ ፍላሽ እኔ ዘንድ መጣ፤ የዕለቱን ዋጋ ሳይሞላ መዋል አይችልም። ወንበሬን ለቀቅሁለት። በዚያ በእጥፍ ዋጋ በተገዛው፣ አምስት ዓመት ሊሞላው በቀረበው ካርድ ላይ ሠንጠረዡ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ተከፈተ። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ ወደ ማሽኑ ሆድ ተመለከተ፤ ሁለት ጣቱንም አሳየኝ።

«ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለኝ። «ምነው ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ።»

ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ ስለሚቀጥለው ትውልድ የተወራውን ማንበብ ጀመረ። በዚያች ሰዓት ማድረስ የነበረብኝ ሥራ ነበረኝ። ከኋላው ቆሜ ጠበቅሁት።