ለክቡር «ስንት መጣልህ?» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እንደ ልማድዎ ከፈተና ክፍሉ በር አምስት እርምጃ ያህል ርቀው፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ሰው እየጠበቁ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ትጋትዎ ያስደንቃል። ፈታኙ የመልስ ወረቀቱን ቆጥሮ ሳይጨርስ፣ እኔም እርሳሴን ኪሴ ሳልከት እርስዎ ደርሰዋል። እግዜር ይስጥልኝ እንዳልል ግን የዛሬው ጠዋት ከለከለኝ።

ከሂሳብ ፈተናው ስወጣ ደስተኛ ነበርኩ። የደስታዬ ዕድሜ በደቂቃ የሚቆጠር ስለነበረ ይህን ማስመዝገብ እፈልጋለሁ። በሩ ላይ ስድስት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ የጥያቄ ወረቀቱ ቢሰበሰብም ጥያቄዎቹን ከነቁጥራቸው በቃሉ ይዞ የወጣው፣ ዞር አለና እርስዎን ላከብኝ፦ «27 ስንት መጣልህ?»

27ኛውን ያስታውሱታል። ኤክስ ላይ 6 ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ራሱን ኤክስን ይሰጣል፤ ኤክስ ስንት ነው? እኔ ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አደረግሁ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አመጣሁ፣ ፋክተር አደረግሁ፤ 3 እና ኔጌቲቭ 2 ወጣ። ምርጫ ሐም «ኔጌቲቭ 2 እና 3» ብሎ እንደ ቀጠሮ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ክቧን ከዳር እስከ ዳር አጥቁሬ ነው የወጣሁት።

«ሐ!» አልኩ በሙሉ አፌ።

ተያዩ። «3 ብቻ ነው እኮ» አለች አንዷ ቀስ ብላ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ተከራከርኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ኢኩዌሽን ሁለት መልስ እንዳለው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ። ልጁ ግን ክርክር አላሻውም። እስክሪብቶ አወጣና የግራ መዳፉን ዘረጋ።

«ኔጌቲቭ 2 ሲደመር 6?»

«4።»

«የ4 ስኩዌር ሩት?»

«2።»

«2 እና ኔጌቲቭ 2 እኩል ናቸው?»

መዳፉን ወደ ዓይኔ አስጠጋው። ላቡ ቀለሙን አደብዝዞታል፤ በእኩል ምልክቱ ላይ የጣለው ሰረዝ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለት ጎን ስኩዌር ሲደረግ ያልነበረ መልስ ሾልኮ ሊገባ እንደሚችል፣ ስለዚህም ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሶ መተካት ግድ እንደሆነ ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነግሮኛል። አራተኛውን በሰው መዳፍ ላይ አነበብኩ። ፈተና አውጪውም ቢሆን ሐን እዚያ ያስቀመጠው የእኔን ዓይነቱን ቸኳይ ዐውቆ ነው።

ስድስቱም ሳቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ኔጌቲቭ 2 ሆኗል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከሌላ ክፍል የወጣ፣ ጨርሶ የማላውቀው ልጅ በዚሁ ስም ጠራኝ።

የቆየ ቂም አላነሳም ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ከአንዲት ልጅ ጋር ሃያ ደቂቃ ሙሉ አመሳክረን፣ መልሳችን አልገጥም ብሎ ሁለታችንም ወድቀናል ብለን ስንተክዝ ቆይተን፣ በመጨረሻ የጥያቄ ወረቀታችን ኮድ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። የእሷ 12ኛ ጥያቄ የእኔ 31ኛ ነበር። መልስ በድምፅ ብልጫ የሚጸድቅበት ጉባኤዎም ይታወሰኛል። «ተበላሸብኝ» እያለ ፀጉሩን የሚነጨውን፣ ውጤት ሲመጣ ግን ከ90 ወርዶ የማያውቀውን ወዳጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወረቀቱ ተሰብስቧል። ክቧ ጠቁራለች። እኔ አሁን ባውቅ የትኛው ክብ ይጠፋል? ከሰዓት ሌላ ፈተና እንዳለብን እያወቅህ ለምን መጣህ? የከሰዓቱን የንባብ ምንባብ አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አራቱንም ጊዜ የታየኝ መዳፍ ነው። ከኋላዬ የቆመችውን ልጅ ደግሞ ማንም አልጠየቃትም። ከዳር ሆና የሰባት ጥያቄ መልስ ሰማች። የሳተችውን በጣቷ ስትቆጥር አይቻለሁ። አምስተኛዋን ጣት ካጠፈች በኋላ መቁጠሩን ትታ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። እሷ ምን አድርጋህ ነው? አንተ መልስ ፈልገህ አታውቅም፤ መልሱ መዳፍህ ላይ ነው። የምትፈልገው የእኛን ፊት ማየት ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ነገ ጠዋት የመጨረሻው ፈተና ነው። ከበሩ ዘወር ይበሉልኝ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ቢያንስ እርሳሴን ኪሴ እስክከት ይታገሡኝ። እኔም በበኩሌ ሀ፣ ለ፣ ሐ ማለቱን ትቻለሁ። «ረሳሁት» እላለሁ፤ እሱን ማንም መዳፉ ላይ ተክቶ ሊያጣራው አይችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ኔጌቲቭ 2
ስኩዌር ሲደረግ ገብቶ፣ ሲተካ የተባረረው