እድሜ ለገልባጮቻችን!

በዚህ ከተማ ያልተሸለመ የለም። ሌሊት አፈር የሚደፉልን ባለገልባጮች ግን አንዲት የምስክር ወረቀት እንኳ አላዩም። ግፍ ነው።

ድንጋዩ ከከተማው ዳር ካለ ካባ፣ ማለትም ከድንጋይ ማውጫ፣ ተፈልጦ ካዛንቺስ ለሕንፃ ይመጣል። ካዛንቺስ ለመሠረት የተቆፈረው አፈር ደግሞ ጎድጉዶ ለቀረው ካባ በሆነ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መንገዱ ሩቅ፣ ናፍጣው ውድ! ቀበና ወንዝ እዚሁ ነው፤ በዚያ ላይ ደረሰኝ አይጠይቅም።

ጥበቡን ማየት የፈለገ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወንዙ ዳር ይቁም። መኪናው መብራቱን አጥፍቶ የኋሊት ይመጣል። ረዳቱ ጎኑን እየደበደበ «ና! ና! ትንሽ ና! በቃ!» ይላል፤ ገደሉ ጫፍ ላይ ክንድ ሲቀረው ቀጥ! ጀርባው ይነሳል፤ አፈሩ ከብሎኬት ስብርባሪ፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከሽቦ ጋር ይንዶለዶላል። አንድ ዘበኛ «ኧረ ልጆች፣ ወንዝ እኮ ነው» ቢሉ «ፋዘር፣ ሙሌት ነው» ተብሎ በትሕትና ይነገራቸዋል።

የቀረውን ክረምቱ ይጨርሰዋል። ቀበና አፈሩን ተሸክሞ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ያደርሳል። ግድቡ በደለል ተሞላ ብለው የሚያለቅሱ አሉ። ምቀኞች! ውሃን መሬት ማድረግ ቀላል ሙያ ነው? የአቃቂ አትክልተኛም ውለታ አይረሳም፤ በዚያው ውሃ ያጠጣውን ቆስጣና ሰላጣ መልሶ ይልክልናል።

ባለሙያዎች ግን አያርፉም። ካባ ሲከፈት የላይኛው ለም አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመር፣ ድንጋዩ ሲያልቅ ገደሉ ተዳፋት ተደርጎ አፈሩ ይመለስበት፣ መጀመሪያ ባቄላና ግብጦ ይዘራበት፣ ጎርፉም ወንዝ ከመግባቱ በፊት ኩሬ ውስጥ ደለሉን ያራግፍ ይላሉ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002ም ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማዳን ገንዘብ ይመድብ ይላል። አዋጅ መቼም የማይለው የለም። እኛ ሐምሌ ላይ ቲሸርትና ኮፍያ አድርገን አለቱ ላይ ችግኝ እንተክል የለ? ችግኙ መስከረምን ባያይም ፎቶው እስከ ዛሬ ለምለም ነው።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ነገረኛ፣ «ድንጋይ ሊጭን ባዶውን ወደ ካባ የሚሄደው መኪና አፈሩን ይዞ ቢሄድስ?» ማለት ጀምሯል። ለረዳቱ ቢነግሩት ከት ብሎ ሳቀ፤

«ባዶ መኪና ይፈጥናላ!»