እርማት፦ የፐርሺያ ድመት መላሷ አይበቃትም

አብሽር ወንድሜ፣ ልጣላህ አይደለም። «የፐርሺያ ድመት ራሷን ስለምትልስ ማበጠር አያስፈልጋትም፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ከከበዳት ላጯት» ያልከው ግን መታረም አለበት።

መላሱንስ ትልሳለች። ግን ከረጅሙ ጸጉር ሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሌላ ጸጉር አለ። የረገፈው እዚያው ተይዞ ይቋጠራል። የላሰችውን ደግሞ ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ተድቦልቡሎ በትውከት ይወጣል።

ደሴ እህቴ ቤት ያለችው ድመት ብብቷ ሥር ቋጠሮ ይዛ ነበር። ልክ እንደ ባና ተጠቅጥቋል። ስትነኳት ትጮሃለች፤ ቆዳዋም ቀልቷል። እህቴ መቀስ ስታነሳ «ተይ!» አልኳት። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ከቋጠሮው ጋር ይሳብና አብሮ ይቆረጣል። በጣት እያላላን፣ በብረት ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረን ወደ ሥሩ ሄድን። አቦልና ቶና ተጠጥቶ አልቆ እኛ ገና ነበርን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቢበጠር ኖሮ እዚህ አይደረስም።

በጣም ከተያያዘ መላጨት ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱም በእንስሳት ሐኪም እጅ።

ለሙቀቱ ግን ምላጭ አትፈልግ። ትልቁ ችግሯ ፊቷ ነው። ጠፍጣፋና አፍንጫ አጭር ስለሆነች ሲሞቅ መተንፈስ ይከብዳታል። ጥላ፣ ነፋሻ ክፍልና ንጹህ ውሃ ስጣት። አፏን ከፍታ ካለከለከች ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዳት። ዓይኗም ቶሎ ያነባል፤ በየቀኑ በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጥረግላት።