ይድረስ ለጋሽ ቆርቆሮ አጥር

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እጅጌዬ ላይ ከተዉልኝ አረንጓዴ ቀለም በቀር ደህና ነኝ።

ካላወቁኝ፣ በየቀኑ ጭቃውን እየረገጥኩ ዞሬዎት የማልፈው ጠበቃ ነኝ። ድሮ ከቢሮዬ ታክሲ መያዣው ሦስት ደቂቃ ነበር። ሥራዬ ሊዝ፣ ካሳና መልሶ ማልማት ነው። ለሰው «የመሬት ጠበቃ ነኝ» እላለሁ፤ እናቴ ግን ለጎረቤት «ቤት የሚያፈርሱት ጋ ነው የሚሠራው» ትላለች።

እርስዎ በአንድ ሌሊት ነው የቆሙት፣ ቢጫና አረንጓዴ ለብሰው። ደረትዎ ላይ የመስታወት ሕንፃ፣ ዘንባባ፣ ፏፏቴ፣ ከታች ደግሞ «በቅርብ ቀን»። ይኸው ሕንፃው ሳይቆም ሥዕሉን ፀሐይ በላው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በሙያዬ እቀናብዎታለሁ። መሬት የማስለቀቂያው አዋጅ ቁጥር 1161 በ2011 ሲወጣ ካሳውን ለተቀበለ ባለይዞታ ቦታውን እንዲለቅ 120 ቀን ሰጠው፣ ቦታው ላይ ንብረት ከሌለ 30። ደንበኞቼ ቀኑን በጣታቸው ቆጥረው ወጡ፤ አንዷ እማማ የቤታቸውን በር ነቅለው በጋሪ አስጭነው ሄዱ። እርስዎንስ ማን ቆጠረብዎት? የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 እንኳ ግንባታውን በውሉ ጊዜ ያልጀመረ ቦታውን ይነጠቃል ይላል። እዚያው ላይ «የችሮታ ጊዜ» የሚባል አለ፣ ቅድመ ክፍያ የከፈለ ሰው ዓመታዊውን የሊዝ ክፍያ መክፈል እስኪጀምር የሚያገኘው እፎይታ። ሳነበው ለአልሚው መስሎኝ ነበር። ለካ ለቆርቆሮ ነው!

ታዲያ ውሉ ለምን አይቋረጥም? አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሲቋረጥ ከተማው የተቀበለውን ብር ወጪና መቀጫ ቀንሶ ይመልሳል። ያ ብር ደግሞ ይሄኔ አስፋልት ሆኗል (ጥርጣሬ ነው ጋሼ፣ ምስክር አልቆጥርም)። እርስዎ እስከቆሙ ድረስ ግን ወረቀቱ ያምራል፤ ቦታው «ተላልፏል»፣ ገቢው «ተሰብስቧል»፣ ፕሮጀክቱ «በሂደት ላይ ነው»። እኔ አሥር ገጽ መከራከሪያ ጽፌ የማላገኘውን እርስዎ ዝም ብለው ቆመው ያገኛሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ቀለም ታደሰልዎት። «እርጥብ ነው» የሚል ወረቀት እንኳ የለም። ችሎት ስገባ ዳኛው እጅጌዬን አዩና «ጠበቃ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ከልማት ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በስተግራዎ ያለችውን ቀዳዳ አይድፈኗት። በእሷ አጮልቄ አያለሁ። ፏፏቴው ይመጣል በተባለበት ቦታ ዘበኛው ጎመን ዘርቷል፣ ሦስት መደብ፣ እንዴት ያለ ጎመን መሰለዎት! በዚያው የሊዝ አዋጅ የከተማ ግብርና የሊዝ ዘመን እስከ 15 ዓመት ነው። ዘበኛው ላመልክት ካለ በነፃ እቆምለታለሁ። በዚያ ሁሉ ቦታ ላይ ሥራ የጀመረው እሱ ብቻ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ባለ አረንጓዴ እጅጌው

ግልባጭ፦
ከጀርባዎ ቆመው ለሚሸኑ ክቡራን በሙሉ (ከጎመኑ ራቅ እንዲሉ)