ከግንብ ማዶ የሚሰማው ቤዝ

«ሮሃ ባንድን የምትወደው ልጅነትህ ስለሚናፍቅህ ነው፤ ሙዚቃው ያን ያህል ሆኖ አይደለም» ይሉኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ክርክር በርጫ ላይም፣ ሻይ ቤትም አይጠፋም። እኔ አልቀበለውም። በልጅነታችን የሰማነው ሁሉ እኮ አብሮን አልቀረም። የሬዲዮ ማስታወቂያው፣ የሰልፍ መዝሙሩ፣ ጎረቤት ጧት ማታ ያስጮኸው የነበረው ስንቱ ካሴት ተረስቷል። በየካሴቱ ድምፃውያንን ያጀበው ሮሃ ግን አልተረሳም።

ልጅ ሙዚቃን የሚሰማው እንደ አዋቂ አይደለም። ድሬ ሙቀቱ ሲብስ ማታ አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል። ቴፑም አብሮ ይወጣል። ከጅቡቲ በባቡር የገባ ቴፕ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። ከግንቡ ማዶ ካሴት ሲከፈት ግጥሙ በደንብ አይሰማም፤ መንገድ ላይ ይቀራል። ግንቡን አልፎ የሚመጣው ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የጊታር ድምፅ ነው። አልጋ ላይ ተንጋሎ ኮከብ የሚያይ ልጅ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የፍቅር ግጥም ምን እንደሚል ሳይገባው፣ ያንን ቤዝ ይይዘዋል። ዛሬ ካሴቱ የኤፍሬም ታምሩ ነው፤ ነገ የንዋይ ደበበ ይሆናል። ከሥር የሚሄደው ቤዝ ግን ያው የሮሃው የጆቫኒ ሪኮ ነው። እኛ ከድምፃዊው በፊት ባንዱን ነው የለመድነው።

ለዚህ ነገር ጥናትም አለ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ክሩምሃንስል ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመችው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ ለሆኑ ወጣቶች ከ1955 እስከ 2009 የወጡ ተወዳጅ ዘፈኖች ተከፈቱላቸው። ወጣቶቹ የራሳቸውን ዘመን ዘፈኖች ማወቃቸው አይገርምም። የሚገርመው ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ለወጡትም የተለየ ትዝታና ፍቅር ማሳየታቸው ነው። ቤት ውስጥ ሲከፈት ሰምተው ያደጉት ሙዚቃ ነውና። አሊ ቢራን እዩ። ድሬ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ስንቱን ትውልድ አዘፈነ። ካሴት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ዘፈኖቹን ከአፋቸው አይለዩም።

ግን ልጅነት በሩን ይከፍታል እንጂ ውስጥ አያቆይም። የሚያቆየው የሥራው ጥራት ነው። ሮሃዎች ቀድሞ አይቤክስ ባንድ ይባሉ ነበር። የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 የተጫወቱት በዚያ ስም ነው። ሮሃ ከሆኑ በኋላ ሰላም ሥዩም በሊድ ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ፣ ተስፋዬ ተሰማ በድራም እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹን ካሴቶች ሞሏቸው። ከ250 በላይ አልበሞች ላይ እንደተጫወቱ ይነገራል። ያን ያህል ሠርቶ አለመሰልቸት ቀላል ነገር አይደለም።

«እሬ መላ መላ»ን ዛሬ ማታ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ስሙት። ማሕሙድን ለጊዜው ተዉት፤ ይቅርታ ያድርግልኝና። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም። ጊታሩ በላዩ ላይ ቆርጠም ቆርጠም እያደረገ ይመታል፤ እጁ ክራር የለመደ ሰው የሚጫወተው ነው የሚመስለው። ሳክስፎኑ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ ይገባል። ማንም ማንንም አይረግጥም። በሰባት ዓመቴ ቤዙን ብቻ ሰማሁ። ጎረምሳ ስሆን ግጥሙ ገባኝ። ጊታሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የለየሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አንድ ዘፈን በየዕድሜህ አዲስ ነገር የሚሰጥህ ከሆነ እሱን ናፍቆት ብቻ ነው ማለት ግፍ ነው፣ ወላሂ!

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ ጉልህ ሆኖ ይወጣል፤ የባንዱ ስም ግን በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ነው፣ ያውም ካለ። አሁን ደግሞ ያችም ቀርታለች። ዩቲዩብ ላይ የሚጫኑትን የቆዩ ዘፈኖች ተመልከቱ፤ የዘፋኝ ስምና «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» የሚል ርዕስ ነው ያላቸው። ዕድሜያችንን ሙሉ የወደድነውን ሰው ስሙን ሳናውቅ እንድንሞት የተፈረደብን ይመስል።

ልጆቻችንስ? ግቢ ማደሩ እየቀረ ነው። ሁሉም የራሱን ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የመረጠውን ብቻ ይሰማል። ያልመረጡትን፣ የሌላ ሰው የሆነን ሙዚቃ መስማት ከሌለ፣ ከአባትና ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ፍቅር በየት በኩል ይግባ? ድሬ ላይ የቀረን አንድ ቦታ ባጃጅ ነው። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሾፌሩ የከፈተውን ይሰማል፤ ምርጫ የለውም። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሮሃ ሲሰማ ከኋላ የተቀመጡት ሕፃናት እግራቸውን በምቱ ሲያወዛውዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ለባጃጅ ሾፌሮችና ለከተማችን የኤፍኤም አቅራቢዎች ነው። አቦ፣ ቤዙን አትቀንሱት። እናንተም አቅራቢዎች፣ የኤፍሬምን ወይም የንዋይን ዘፈን ከለቀቃችሁ በኋላ ወደ ማስታወቂያ ከመሄዳችሁ በፊት «ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታር ሰላም ሥዩም» በሉልን። አሥር ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም።