ሱሪው ላይ ያመለጠው ልጅ አላጠፋም

ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ ያላት እናት የምትሰለቸው አንድ ጥያቄ አለ። «እስካሁን ዳይፐር ነው እንዴ?» ጠያቂዋ አክስት ትሆናለች፣ ጎረቤትም ትሆናለች። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል። «የእኔዋ እኮ በዓመት ከስድስት ወሯ ነው የተወችው!» እናት ፈገግ ብላ ታልፋለች። ማታ ግን ልጁ ፖፖ ላይ በግድ ይቀመጣል። ሲያለቅስ ይቆጡታል። ሱሪው ላይ ሲያመልጠው ደግሞ «አታፍርም?» ይባላል።

እንደ እኔ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ፖፖ ማስለመድን የጨዋነት ትምህርት አድርገነዋል። ጨዋ ልጅ ይናገራል፣ ባለጌ ልጅ ሱሪው ላይ ይለቃል እንደማለት። ነገሩ ግን የሰውነት ጉዳይ እንጂ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

ከልጁ የምንጠብቀውን እስቲ እንቁጠረው። ሽንቱ መምጣቱን ማወቅ አለበት። መናገር አለበት። ጨዋታውን ትቶ መነሳት፣ እስኪደርስ መያዝ፣ ሱሪውን ማውለቅ፣ መቀመጥ አለበት። ከዚያ ደግሞ ሲይዝበት የነበረውን ጡንቻ ማላላት። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል አይደለችም። ፖፖው ላይ ቁጭ ብሎ ጠብ ሳያደርግ ይቆይና፣ ገና ከመነሳቱ ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል። «አውቆ ነው!» እንላለን። አውቆ አይደለም። ተቀምጦ ሰውነቱን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ሲነሳ ዘና አለ።

አብዛኞቹ ልጆች የዝግጁነት ምልክት ማሳየት የሚጀምሩት ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። 3 ዓመት እስኪሞላቸው የሚቆዩም ሞልተዋል። ወንዶች ደግሞ በአማካይ ከሴቶች በጥቂት ወራት ይዘገያሉ። ስለዚህ የአክስቱ ልጅ ለእሱ መለኪያ አትሆንም። ወር ከመቁጠር ልጁን ማየት ይሻላል። ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ይቆያል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ያመጣል? ዳይፐሩ ሲቆሽሽ ይደብረዋል?

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዝልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት የ1,170 ልጆችን ሁኔታ ተመልክቶ፣ ልጁ ራሱ ዝግጁ እስኪሆን ይጠበቅ የሚለውን መንገድ አስፋፋ። ቆየት ብሎ ደግሞ ናታን አዝሪንና ሪቻርድ ፎክስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ማስለመድ ይቻላል ብለው መጡ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ተከታይ አላቸው። እኔ ወደ ሐኪሙ አደላለሁ። መጠበቅ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

ለምሳሌ ሰዓቱን መምረጥ ይቻላል። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ከተበላ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ጥሩ ናቸው። እግሩ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ ማማጥ ያቅተዋል፤ መሬት ወይም በርጩማ ይርገጥ። «ሽንትህ መጣ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አያዋጣም። እግሮቹን አጣምሮ እየዘለለም ቢሆን መልሱ «አልመጣም!» ነው። «አሁን የፖፖ ሰዓት ነው» ብሎ እጁን መያዝ ይሻላል። ወንድ ነው ተብሎ ቆሞ እንዲጀምርም አይቸኮል። ተቀምጦ ከለመደ ሁለቱንም እዚያው ይጨርሳል። ቆሞ መሽናቱ በኋላ አባቱን እያየ ይመጣል፣ ግድግዳውም ያኔ ይታጠባል።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ድርቀትን ነው። ልጁ ሳሎን ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ይጠፋል። ስትፈልጉት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፣ እግሮቹን ገጥሟል፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሟል። ሊወጣ የመጣውን ካካ እየገፋ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን እየያዘው ነው። አንድ ቀን ደርቆ ወጥቶ አሳምሞታል፣ ያንን አልረሳም። በያዘው ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል፣ በደረቀ ቁጥር ይበልጥ ያማል። የሞላ አንጀት ደግሞ ፊኛውን ስለሚጫን ሽንቱም ቶሎ ቶሎ ያመልጠዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ፖፖ ላይ አስቀምጦ «ካልወጣ አትነሳም» ማለት ሕመሙን ማባባስ ነው። መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም። ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልት፤ ካልሆነም ሐኪም የሚያዘው ማለስለሻ አለ። እስከዚያው ካካውን ዳይፐር ላይ ልውጣ ካለ ይውጣ። ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እፎይታ ነው የምለው።

የሌሊቱ ነገር ጭራሽ ሌላ ነው። ተኝቶ ያለ ልጅ አይለማመድም። ሌሊት ሽንት የሚቀንስ ሆርሞን አለ፣ ፊኛ ሲሞላ የመንቃት ችሎታም አለ፤ ሁለቱም በራሳቸው ጊዜ ነው የሚደርሱት። 5 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 15 በመቶ ያህሉ አሁንም አልጋ ላይ ይሸናሉ፣ ከእነሱም የሚበዙት ወንዶች ናቸው። በዘርም ይወረሳል። ጠዋት አንሶላ እያነሳ የሚቆጣ አባት ካለ፣ በራሱ ልጅነት አንሶላ ማን ያጥብ እንደነበር እናቱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ሐኪም ማየት ያለበት ሌላ ነው። ሲሸና የሚያመው፣ ውሃ ጥሙ የበዛበት፣ ወይም ወራት ሙሉ ደረቅ ሆኖ ቆይቶ እንደገና ማምለጥ የጀመረው ልጅ ይታይ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱም ልጁ እየሰማ «ስንፍና ነው» ብላችሁ አትጀምሩ።